የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ገቺ ለሴል ሙከራ፦ የትኛውን እንምረጥ?

አንድ ጂን ዝም ብሏል። ፕሮሞተሩን (የጂኑን ማስነሻ የዲኤንኤ ክፍል) ስታዩት በሜቲል፣ ዲኤንኤ ላይ በሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት፣ ተሸፍኗል። ሁለቱ ነገር ይገናኝ እንደሆነ ለማወቅ ሜቲሉን አራግፎ ጂኑ ይነሳ እንደሆነ ማየት ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ካታሎጉ ሲከፈት ግን ጣጣው ይጀምራል። ዴሲታቢን፣ አዛሳይቲዲን፣ ዜቡላሪን፣ አርጂ108፣ ኤስጂአይ1027፣ በቁጥር ብቻ የሚጠሩት የጂኤስኬ ኩባንያ መድኃኒቶች። ከሁሉም ሥር «የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ገቺ» ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ አንድ የቆየ ጽሑፍ ያወጣና እዚያ ያየውን መድኃኒት በዚያው መጠን ያዛል። ቢሳካ እሰየው። ብዙ ጊዜ ግን ወይ ሴሎቹ ያልቃሉ፣ ወይ ምንም ሳይነካቸው ይቀራሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ሰው መነሻው ዴሲታቢን ነው፤ ያውም ሰው ከሚለምደው መጠን በጣም ባነሰ። ውጤቱን ደግሞ አሠራሩ ፈጽሞ በሚለይ ሁለተኛ መድኃኒት ማረጋገጥ ነው። የቀሩት ለልዩ ሁኔታ የሚያዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ጭራሽ ባይታዘዙ ይሻላል።

መጀመሪያ ሴሎቹን እዩ

ከመድኃኒቱ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ሴሎቻችሁ ይከፋፈላሉ ወይ? በስንት ሰዓት አንዴ?

ሴል ዲኤንኤውን ሲያባዛ አሮጌው ክር ሜቲሉን እንደያዘ ይቀራል። አዲሱ ክር ባዶውን ይወጣል። ዲኤንኤምቲ1 የሚባለው ኢንዛይም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ አዲሱን ክር በአሮጌው ልክ ይሞላዋል። ከካታሎጉ ውስጥ በደንብ የሚሠሩት መድኃኒቶች በዋናነት የሚያስተጓጉሉት ይህንን ሥራ ነው። ያለውን ሜቲል አይፍቁም፤ አዲስ እንዳይጨመር ብቻ ይከለክላሉ። ስለዚህ ኢንዛይሙ ድራሹ ቢጠፋ እንኳ ከአንድ ክፍፍል በኋላ ግማሹ ሜቲል አለ። ከሁለት በኋላ ሩቡ፣ ከሦስት በኋላ 12.5 በመቶው።

በ24 ሰዓት አንዴ የሚከፋፈል ሴል ካላችሁ ይህ ሦስት ቀን ነው። በ48 ሰዓት ከሆነ ስድስት ቀን። መድኃኒቱን ዛሬ ጨምሮ ነገ አርኤንኤ የሚያወጣ ሰው ገና ያልሆነ ነገር ነው የሚለካው።

ሴሎቹ ጭራሽ የማይከፋፈሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ የበሰሉ ነርቮች ከሆኑ፣ ከታች ከማወራቸው መድኃኒቶች አንዱም በክፍፍል የሚሟጠጥ ነገር አያገኝም። ይህን እዚሁ ማወቅ የብዙ ወር ልፋት ያድናል።

ዴሲታቢን እና አዛሳይቲዲን

ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ ለካንሰር ሕክምና ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከሜቲሌሽን ጋር የተያያዙት በኋላ ነው። ፒተር ጆንስ እና ሸርሊ ቴይለር በአዛሳይቲዲን የነኳቸው የአይጥ ፅንስ ሴሎች ጡንቻ ሆነው አገኟቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ነገሩን ከዲኤንኤ ሜቲሌሽን መታገድ ጋር አገናኙት። ማዮዲ የተባለው የጡንቻ ጂን በ1987 የተገኘውም በዚሁ መንገድ ከተነሱ ሴሎች ነው። ሐኪም ቤት የገቡት ብዙ ቆይተው ነው። አሜሪካ ውስጥ አዛሳይቲዲን በ2004፣ ዴሲታቢን በ2006 ለአንድ የመቅኔ በሽታ ተፈቀዱ።

ሁለቱም ሳይቶሲንን ይመስላሉ። ልዩነታቸው ቀለበቱ ላይ በ5ኛው ቦታ ካርቦን መሆን ሲገባው ናይትሮጅን መኖሩ ነው። ሴሉ አያውቅባቸውም፤ ዲኤንኤው ውስጥ ይሰካቸዋል። ዲኤንኤምቲ1 መጥቶ እንደወትሮው ሊሠራ ሲይዛቸው ዝንብ ሙጫ ላይ እንዳረፈች ተጣብቆ ይቀራል። ሴሉ የተጣበቀውን ኢንዛይም ፕሮቲያሶም በተባለው የፕሮቲን መፍጫው ይፈጨዋል። በሌላ አነጋገር እነዚህ መድኃኒቶች ኢንዛይሙን ከሴሉ ያሟጥጡታል። ለዚህ ነው በትንሽ መጠን የሚሠሩት። ለዚህም ነው ጉዳት የሚያደርሱት፤ ዲኤንኤ ላይ የተጣበቀ ፕሮቲን ራሱን የቻለ ቁስል ነው።

የሚለያዩበት ቦታ ስኳሩ ነው። ዴሲታቢን ዲኦክሲ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ዲኤንኤ ይሄዳል። አዛሳይቲዲን የአርኤንኤ ስኳር ነው የያዘው። ከገባው ውስጥ አብዛኛው፣ ከ80 እስከ 90 በመቶው፣ አርኤንኤ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የቀረው ነው ተለውጦ ዲኤንኤ የሚደርሰው። አርኤንኤ ውስጥ የገባው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የፕሮቲን ሥራን ይነካል፣ የትራንስፈር አርኤንኤ ሜቲሌሽንንም ያስተጓጉላል። ጥያቄያችሁ ስለ ዲኤንኤ ሜቲሌሽን ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ለምን ትሸከማላችሁ? ዴሲታቢን ውሰዱ።

አዛሳይቲዲን የሚመረጥበት ጊዜ ግን አለ። አንደኛ፣ ሐኪም ቤት ታካሚው የሚወስደው እሱው ሆኖ ያንን ለመምሰል ስትሠሩ። ሁለተኛ፣ ሴላችሁ ዴሲታቢንን ማንቃት ሲያቅተው። ዴሲታቢን የሚነቃው ዲሲኬ በተባለ ኪናዝ (ፎስፌት በሚጨምር ኢንዛይም) ነው፤ ይህ ኪናዝ የጎደለው ሴል መድኃኒቱን ቢጠጣውም አይሰማውም። አዛሳይቲዲን የሚነቃው በሌላ ኪናዝ፣ በዩሲኬ ነው። ስለዚህ አንድ የሴል መስመር ለዴሲታቢን ደንዳና ሆኖ ለአዛሳይቲዲን ሊታዘዝ ይችላል። መጠን ከመጨመራችሁ በፊት የዲሲኬን መጠን እዩ።

ሳይቲዲን ዲአሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ ሁለቱንም ይሰብራል። እሱ የበዛበት ሴል ውስጥ መድኃኒቱ ሳይደርስ ያልቃል። ቴትራሃይድሮዩሪዲን ጨምሮ ኢንዛይሙን መያዝ ይቻላል። ወይም ጓዴሲታቢንን መጠቀም። ይህኛው ዴሲታቢን ከዲኦክሲጓኖሲን ጋር የተጣመረበት ስለሆነ ዲአሚኔዙ ቶሎ አያገኘውም። ያለበለዚያ ጓዴሲታቢንን የምታዙበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ቸል የሚባል ነገር ልጨምር፤ የሚዲያችሁን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) ጽሑፍ አንብቡት። አልፋ-ኤምኢኤም የተባለው ሚዲያ ኑክሊዮሳይድ (የዲኤንኤና የአርኤንኤ መሥሪያ) ያለውና የሌለው ተብሎ በሁለት ይሸጣል። ያለው ጠርሙስ ውስጥ ዲኦክሲሳይቲዲን አለ። ዲኦክሲሳይቲዲን ደግሞ ከዴሲታቢን ጋር በአንድ በር ነው የሚገባው፤ ለዚያው ኪናዝ ይሻማሉ። በትክክለኛው መጠን ጨምሮ ምንም ለውጥ ያጣ ሰው መድኃኒቱን ከመውቀሱ በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከት። የሴል ባሕልን የሚበክለው ባክቴሪያ ማይኮፕላዝማም እንዲሁ ነው። ኑክሊዮሳይዶችን የሚሰብሩ የራሱ ኢንዛይሞች ስላሉት ሳታዩት መድኃኒታችሁን ይበላባችኋል።

መጠኑ ላይ ቆም እንበል

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰው ውጤት ሲያጣ መጠን ይጨምራል። በዴሲታቢን ይህ የተገላቢጦሽ ይሠራል። መጠኑ ከፍ ሲል ዲኤንኤው ይጎዳል፣ ሴሉ መከፋፈል ያቆማል። መከፋፈል ሲያቆም አዲስ ዲኤንኤ የለም፤ መድኃኒቱ የሚሰካበት ቦታ የለም፤ ሜቲሉም አይሟጠጥም። ውጤቱን በግራፍ ብትስሉት መጀመሪያ ሜቲሌሽኑ ይወርዳል፣ ከዚያ መጠኑ ሲበዛ መልሶ ይወጣል። በ10 ማይክሮሞላር የተገኘ «አልሠራም» የሚል ውጤት ለ0.3 ማይክሮሞላር ምንም አይነግረንም።

እኔ የምመክረው መነሻ ለዴሲታቢን ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮሞላር፣ ለአዛሳይቲዲን ከ0.5 እስከ 5 ማይክሮሞላር ነው። ሴል ከሴል በጣም ይለያያል፤ ስለዚህ የሙከራ ሙከራ የግድ ነው። አንድ ባለ ስድስት ዌል ፕሌት ይበቃል። አንዱ ዌል ምንም ያልተጨመረበት፣ አንዱ ማሟሚያው ብቻ የተጨመረበት (ኮንትሮሉ)፣ የቀሩት 0.1፣ 0.3፣ 1 እና 3 ማይክሮሞላር። በሦስተኛው ቀን ሴሎቹን ቁጠሩ። ከኮንትሮሉ አንጻር ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ብዛት ያለበትን ከፍተኛውን መጠን ያዙ። ቁጥሩ የእኔ ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም። ዋናው ነገር የተረፉት ሴሎች አሁንም እየተከፋፈሉ መሆናቸው ነው።

አዘገጃጀቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱም ውሃ ውስጥ አይቆዩም። በ37 ዲግሪ ሚዲያ ውስጥ አዛሳይቲዲን በሰዓታት ውስጥ እየፈረሰ ይሄዳል። ዴሲታቢን ትንሽ ይሻላል፤ አንድ ቀን አካባቢ ነው የሚታገሠው። ስለዚህ በየ24 ሰዓቱ ሚዲያውን መቀየርና መድኃኒቱን አዲስ ቀጥኖ መጨመር ነው። «አንዴ ጨምሬ ለአምስት ቀን ተውኩት» የሚል ዘዴ ካነበባችሁ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው መድኃኒት የነበረው ብላችሁ ቁጠሩ።

ስቶኩን (በኋላ የሚቀጠነውን ወፍራም መነሻ) ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ ሥሩ። የዴሲታቢን ሞለኪውል ክብደት 228.2 ነው። 5 ሚሊግራሙን በ2.19 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ ብታሟሙት 10 ሚሊሞላር ይወጣል። ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሉትና በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡት። የቀለጠ ቱቦ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ከዚህ ስቶክ 1 ማይክሮሞላር ለማድረግ አሥር ሺህ ጊዜ ይቀጠናል፤ ሴሉ የሚያገኘው ዲኤምኤስኦ 0.01 በመቶ ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ትመጣለች።

አርጂ108፦ ከስሙ የሚያንስ

አርጂ108 በ2005 ሲመጣ ብዙ ተወራለት። ዲኤንኤ ውስጥ አይገባም። ኢንዛይሙን በቀጥታ ሥራው ቦታ ላይ ለመዝጋት የታሰበ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ስለዚህ ሴል አይገድልም፣ ዲኤንኤ አያቆስልም። ለመስማት ደስ ይላል።

ችግሩ ሴል ውስጥ ያለው አቅሙ ነው። ከዴሲታቢን ጋር ጎን ለጎን ሲለካ ሜቲሌሽን የሚያወርደው በጣም በትንሹ ነው። ሰዎች ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞላር የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የዲኤምኤስኦ ሒሳብ ይመጣል። ከ10 ሚሊሞላር ስቶክ 100 ማይክሮሞላር ስትሠሩ ዲኤምኤስኦው 1 በመቶ ይደርሳል። ዲኤምኤስኦ ደግሞ ከ1 በመቶ ብዙም ሳይበልጥ ኤችኤል-60 የተባሉትን የደም ካንሰር ሴሎች ብቻውን እንዲበስሉ የሚያደርግ ነገር ነው። ማሟሚያው ያመጣውን ለውጥ ለመድኃኒቱ መስጠት በጣም ቀላል ነው። የግድ ከሆነ ስቶኩን በ50 ሚሊሞላር ሥሩት፤ ኮንትሮሉም በትክክል ያንኑ ያህል ዲኤምኤስኦ ይያዝ።

«ነርቮቼ ስለማይከፋፈሉ አርጂ108ን መረጥኩ» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። ለመሥራት ክፍፍል አያስፈልገውም። ግን ኢንዛይም መዝጋት ያለውን ሜቲል አያነሳም። በማይከፋፈል ሴል ውስጥ ሜቲል የሚነሳው ቴት በተባሉት ኢንዛይሞችና በጥገና ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ አርጂ108 እዚያ ቢበዛ አዲስ ሜቲል እንዳይጨመር ያደርጋል። ጥያቄያችሁ ይህ ከሆነ ደህና፤ ካልሆነ አይጠቅማችሁም።

በአንድ ቦታ ግን አልከራከርም። በ2008 የአይጥ ሴሎችን ወደ ግንድ ሴልነት ለመመለስ በተደረገ ሥራ ላይ ከሌላ ገቺ ጋር ተደርቦ ረድቷል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ግፊት ብቻ በሚፈለግበት ጊዜ ቦታ አለው።

ዜቡላሪንና የቀሩት

ዜቡላሪን ከነዴሲታቢን ቤተሰብ ነው፤ እሱም ዲኤንኤ ውስጥ ይገባል። ጥሩ ጎኑ ውሃ ውስጥ አለመፍረሱ ነው። ሳይቲዲን ዲአሚኔዝንም ራሱ ይገታል። መጥፎ ጎኑ ደካማነቱ ነው፤ ከ50 እስከ 500 ማይክሮሞላር ይጠይቃል። በየቀኑ ሚዲያ መቀየር የማይቻልበት ረጅም ሙከራ ካላችሁ አስቡት። ካልሆነ እለፉት።

ኤስጂአይ1027 ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል፣ ሴልም ይገድላል፤ ውጤቱ ከምን እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ሃይድራላዚን የደም ግፊት፣ ፕሮካይናማይድ የልብ ምት መድኃኒት ናቸው። ሜቲሌሽን ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ሴል ከሴል ስለሚለዋወጥ ለመሣሪያነት አይታመኑም። ከአረንጓዴ ሻይ የሚገኘው ኢጂሲጂ ደግሞ ሚዲያ ውስጥ ሲገባ ራሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ያያችሁት ለውጥ የሜቲሌሽን ይሁን የፐርኦክሳይዱ፣ ማን ያውቃል?

አዲሶቹ

በ2021 የወጡት ጂኤስኬ3685032 እና ዘመዱ ጂኤስኬ3484862 ጨዋታውን የቀየሩ ይመስለኛል። ዲኤንኤምቲ1ን ለይተው ይይዛሉ፤ አዲስ ሜቲል የሚጨምሩትን ዘመዶቹን ዲኤንኤምቲ3ኤ እና 3ቢን አይነኩም ማለት ይቻላል። ዲኤንኤ ውስጥ አይሰኩም፣ ኢንዛይሙንም በቋሚነት አያጣብቁም፤ ሲታጠቡ ይለቃሉ። በዚህ ምክንያት ዴሲታቢን የሚያመጣው የዲኤንኤ ቁስል እዚህ በጣም ያንሳል። ሴሎቹ ስለማይታመሙ መከፋፈላቸውን ይቀጥላሉ። መከፋፈላቸውን ስለቀጠሉ ሜቲሌሽኑ ዴሲታቢን ካወረደው በታች ሊወርድ ይችላል። በአይጥ ፅንስ ግንድ ሴሎች ላይ ጂኤስኬ3484862 በጥቂት ማይክሮሞላር መጠን ይህን አሳይቷል።

ታዲያ ለምን መነሻዬ አላደረግኋቸውም? ዴሲታቢን ከአርባ ዓመት በላይ የተከማቸ ንጽጽር አለው። በየትኛው ሴል ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል። ሐኪም ቤትም አለ። አዲሶቹ ግን እንደ ሁለተኛ ምስክር ተወዳዳሪ የላቸውም። ጂናችሁ በዴሲታቢን ተነስቶ በጂኤስኬው ዝም ካለ፣ ሜቲሌሽኑ በሁለቱም እኩል ወርዶ ሳለ፣ ያስነሳው የዲኤንኤ ቁስል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በሁለቱም ከተነሳ ክርክራችሁ ቆሟል። ገንዘብ የሚበቃችሁ ለሁለት መድኃኒት ብቻ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ግዙ።

መሥራቱን እንዴት እናውቃለን?

መድኃኒት መጨመር ሜቲሌሽን ማውረድ አይደለም። በ24 ሰዓት ዲኤንኤምቲ1ን በዌስተርን ብሎት እዩ። በዴሲታቢን የኢንዛይሙ መስመር ብሎቱ ላይ መጥፋት ወይም በጣም መቅጠን አለበት። ሳይቀንስ ከቀረ መድኃኒቱ አልነቃም ወይም ፈርሷል፤ ወደ ሌላ ደረጃ አትለፉ። ከሁለትና ሦስት ክፍፍል በኋላ ላይን-1 የተባሉትን ድግግሞሾች በባይሰልፋይት ፓይሮሲኩዌንሲንግ (ሜቲልን በሚለይ የዲኤንኤ ንባብ) ለኩ፤ ጂኖም በሙሉ ምን ያህል እንደወረደ በርካሹ ይነግራችኋል። ከዚያ የራሳችሁን ፕሮሞተር። ጎን ለጎን ጋማ-ኤች2ኤኤክስን ለዲኤንኤ ቁስል፣ ፒ53ን ለጭንቀት ምላሽ ማየት አይከፋም።

የሚያሳስት ነገር አለ። ሜቲሌሽን ሲወርድ ጂኖማችን ውስጥ ተኝተው የኖሩ የጥንት ቫይረስ ቅሪቶች ይነሳሉ። ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ ይሠራሉ። ሴሉ በቫይረስ የተጠቃ ይመስለውና የኢንተርፌሮን ጂኖችን ይከፍታል። በ2015 ሁለት ቡድኖች በካንሰር ሴሎች ላይ አሳይተውታል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የተነሱ ብዙ ጂኖች ስታዩ ሁሉም ከፕሮሞተራቸው ላይ ሜቲል ስለተነሳ አይደለም። የእናንተ ጂን ኢንተርፌሮን የሚያዘው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ከካታሎጉ ውጪ ያለ ምርጫም አትርሱ። የሰው ጂኖም ውስጥ ሜቲል ሊቀበሉ የሚችሉ 28 ሚሊዮን ያህል የሲጂ ጥንዶች አሉ። መድኃኒት ሁሉንም ነው የሚመታው። ጥያቄያችሁ ስለ አንድ ፕሮሞተር ከሆነ መቁረጥ የማይችል ካስ9 (ወደ አንድ የዲኤንኤ ቦታ የሚመራ ፕሮቲን) ከቴት ኢንዛይሞች አንዱ ከሆነው ከቴት1 ጋር ተጣብቆ ያንን ቦታ ብቻ ማራገፍ ይችላል። ኤችሲቲ116 በተባሉት የአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የዲኤንኤምቲ1 እና የ3ቢ ጂኖች የተሰናከሉበት የሴል መስመር ከ2002 ጀምሮ አለ፤ ሜቲሌሽኑ ከ95 በመቶ በላይ የጠፋ። መድኃኒታችሁ ያመጣው ለውጥ እዚያ ሴል ውስጥ ከጅምሩ መኖር አለበት።

መድኃኒቱ ሲነሳ

ዴሲታቢንን ካጠባችሁ በኋላ ዲኤንኤምቲ1 ተመልሶ ይሠራል። ሜቲሌሽኑም በቀናትና በሳምንታት ቀስ እያለ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ቦታ ቶሎ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ በስንተኛው ቀን እንደለካችሁ ሁልጊዜ ጻፉ። የመመለሱ ነገር ራሱ ጥያቄያችሁ ከሆነ የጂኤስኬዎቹ መታጠብ የበለጠ ንጹሕ ነው።

አዛሳይቲዲን ለሰው ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ምድብ 2ኤ ውስጥ ተመዝግቧል። ዴሲታቢንም ለፅንስ አደገኛ ነው። ዱቄቱ የሚመዘነው ጓንት ተደርጎ ጭስ መሳቢያ ሥር ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ካለች መመዘኑን ሌላ ሰው ይሥራው። የተጠቀማችሁበት ሚዲያም ወደ ማጠቢያው አይደፋም፤ ከሴል መርዝ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል።